በሰልማ ትንፋሽ የተገባ ዋስትና

ደብረ ታቦር፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለሀዋ
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛን ከክረምቱ ብርድ፣ አንቱን ከበጋው ሐሩር ላሻገረ ጌታ ምስጋና ይድረሰው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። የወንድምዎ የቢላል ልጅ ሰልማ እዚያ በሠራችበት ቤት፣ እመቤቲቱ አደባልቃ መታጠቢያ ክፍሉን እንድታጥብበት ያዘዘቻት ሁለት ፈሳሾች ምንና ምን እንደ ነበሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሰልማ የምታስታውሰው አንዱ ጠርሙስ ነጭ፣ ሌላው ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ዐረብኛ ስለ ነበረ አላነበበችውም። ቤቱን ያገኙላት አንቱ ነዎትና፣ ጠይቀው የሁለቱንም ስም ቢጽፉልኝ እለምንዎታለሁ።

«ምን ያደርግልሻል?» ይሉኝ ይሆናል። እንደሚያውቁት እኔ በሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ሰልማ ከተመለሰች ጀምሮ ትንፋሿን የማሠለጥናት እኔ ነኝ። ከባሕር ዳር እየመጣ የሚያያት የሳንባ ሐኪም ግን «ምን እንደ ተነፈሰች ሳላውቅ በግምት መድኃኒት አላዝም» ብሏል። ትክክል ነው። በረኪና ብቻውን አንድ ነገር ነው፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ግን የሳንባን ቧንቧ ከውስጥ ይልጠዋል።

የሆነውን አንቱም ሰምተዋል፤ ሙሉውን የነገረዎ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ዓይኗን ሲያቃጥላት ልትወጣ ሞከረች። እመቤቲቱ ሽታው ወደ ሳሎን እንዳይገባ በሩን ከውጭ ይዛ «ነጭ እስኪሆን!» አለቻት። ሰልማ ይህን ስትነግረኝ አታለቅስም፤ የሴትዮዋን ድምፅ አስመስላ ታወራዋለች። ተነሥቼ እጄን የምታጠበው እኔ ነኝ። የታማሚ አክታ ማየት ሥራዬ ነው፤ ከሰው ገላ የሚወጣ ነገር አያስጠይፈኝም። ያንን የበር እጀታ የያዘውን እጅ ግን እጸየፈዋለሁ።

ሰልማ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስትመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታርፍ መጨረስ አይሆንላትም ነበር። አሁን በጀርባዋ አስተኝቼ፣ ሆዷ ላይ አሸዋ የሞላ ትንሽ ከረጢት አስቀምጬ፣ ከረጢቱን በትንፋሿ እንድታነሣው አደርጋለሁ፤ ከሳንባ በታች ያለው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻ የሚጠነክረው እንዲህ ነው። በአፏ የምትይዛት፣ አየር ስትስብ በውስጧ ያለው የሽቦ ሞላ የሚከብዳት አንዲት መሣሪያም አለችን። ስታስወጣ ከንፈሯን እንደሚያፏጭ ሰው አሹላ ነው። መጀመሪያ ቀን «አባቴ ሴት ልጅ አታፏጭም ይላል» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት።

በስልክ ያልጠየቅሁዎት መስመሩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም፤ በስልክ የተባለ ነገር ውሎ አድሮ ሌላ ስለሚሆን ነው። በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ ኔትወርክ በተገኘ ቀን እልከዋለሁ። አንቱም እንዲሁ ቢያደርጉልኝ እወዳለሁ።

አክባሪዎ፣
የአጎትዎ ልጅ የሙሳ ልጅ ፈሪዳ


ጅዳ፣ በናንተ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ይመስለኛል

ለልጄ ለፈሪዳ

ወዐለይኩም ሰላም ልጄ። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ ደግ ባል ይወፍቅሽ፣ ክፉ ዓይን አያግኝሽ። ደብዳቤሽን አነበብሁት፤ ደግሜም አነበብሁት። ጽሕፈትሽ የአባትሽ የሙሳ ነው፤ አላህ ይዘንለት። አነጋገርሽ ግን የቃዲ ነው። ሰላም ብለሽ ሳትጨርሺ ምርመራ! ሰው መጀመሪያ «ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ?» ይላል።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሐኪም ትሆናለች ብለን ነበር፤ ወጌሻ ሆነሽ ወጣሽ። ይሁን፤ ወጌሻም ያስፈልጋል። ግን የኛ ወጌሻ የሚያሸው የወለቀ ክንድ ነው፤ ትንፋሽ የሚያሽ ወጌሻ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ደግሞ መተንፈስ ይማራል? ከእናቱ ሆድ ሲወጣ ያወቀው አይደል?

የፈሳሹን ነገር እኔ ምን አውቄ። እዚህ አገር የማይሸት ዕቃ የለም። እመቤቲቱን መጠየቅ አይሆንም፤ ያለፈ ነገር ነው፣ አትቆስቁሺው። ልጅቱን ብርድ መትቷት እንዳይሆን። ከዚህ ወበቅ ወጥቶ የደብረ ታቦር ቁር ውስጥ መግባት ቀላል ነው? ቢላልን ዋንዛዬ ውሰዳት በይው። ፍል ውኃው ደረት ይከፍታል።

ይልቅ አንቺ ይህን ጻፊልኝ፤ ፎቅ ትወጣለች? ሰው ፊት ስትናገር ትንፋሿ ይቆራረጣል? ፊቷስ ወዝ አለው? በደንብ አድርገሽ ጻፊ፤ አክስት ነኝ፣ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰው ሲመጣ ጥቁር አዝሙድና ትንሽ የእብናት ማር ላኪልኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል። የሐጂ ሱልጣን ልጅ ወደ ገሳይ ከተማ ተዳረች አሉ፤ ሰርጉ እንዴት ነበር? አንቺን የጠየቀውንም ልጅ «መጽሐፍ ካነበበ ይምጣ» ብለሽ መለስሽው አሉ። ጉድ ነሽ።

አክስትሽ ሀዋ


ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለሀዋ

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቱ ላይ ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አለመጠየቄ ነውር ነበርና ይቅር ይበሉኝ። አሁን ስለ ጠየቅሁ ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ።

ዋንዛዬ ያሉት ምክር ቀድሞኝ ለአጎቴ ለቢላል በስልክ ደርሶ ኖሯል። እኔን ሳያማክር ወሰዳት። እንፋሎቱ ጉሮሮዋን ሲነካው ሳሉ ተነሣባት፤ ልትወጣ ስትል አንዲት የማያውቋት ሴትዮ «እሰይ፣ እየለቀቃት ነው!» እያለች አንገቷን ይዛ መልሳ ወደ እንፋሎቱ ትደፍቃት ጀመር። ሲመለሱ ሐሙሲት ከተማ ሲደርሱ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሰው በሌላ ሰው ትንፋሽ ላይ እንዲህ እጁን ለማሳረፍ ምን ያህል እንደሚቀለው ሳስብ እጸየፋለሁ፤ እዚያ በበር እጀታ፣ እዚህ በአንገት።

ለጠየቁኝ መልሴን እነሆ። ባለፈው ማክሰኞ የሆስፒታላችንን ደረጃ እስከ ላይ ወጣች። አየር እየሳበች አንድ ደረጃ፣ እያስወጣች ሁለት ደረጃ ትራመዳለች፤ ትንፋሿን ከእግሯ ጋር ማስማማት የተማርነው እንዲህ ነው። አጎቴ ቢላል ከታች ሆኖ በስልኩ ይቀርጻት ነበር። እላይ ስትደርስ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ ጮኼ አመሰገንኋት። ከዚያ ግን ተቀምጣ፣ ክርኗን በጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ብዙ አሳለች።

ይህን እንዲረዱልኝ እሻለሁ፤ የበረታው ጡንቻዋ ነው። የተላጠው ቧንቧ አልታደሰም። የአንጥረኛ ወናፍ ቢበረታ የተበሳው ቱቦ አይደፈንም። ድካሟን እንቀንስላታለን፣ ፍርሃቷን እናስታግሥላታለን፣ አክታዋ በቀላሉ እንዲወጣ እንረዳታለን። አድናታለሁ ግን አላልሁም፤ አልልምም።

ደብዳቤዎን ለሰልማ አነበብሁላት። «ፊቷ ወዝ አለው ወይ?» የሚለው ላይ ስደርስ «ሊድሩኝ ነው ወይስ ሊያርዱኝ?» ብላ ሳቀች። እኔም እጠይቅዎታለሁ፤ ፎቅ መውጣቷ ለምን አስፈለገዎ?

ማሩንና አዝሙዱን ለዑምራ በሚመጡ ሰዎች እጅ ልኬያለሁ። የሁለቱን ጠርሙሶች ስም አሁንም እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ ፈሪዳ


ጅዳ፣ ኅዳር 27

ለልጄ ለፈሪዳ

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም። ቢላል ቪዲዮውን ልኮልኛል። ልጅቱ እንደ ሚዳቋ አይደል እንዴ የምትወጣው! ያንቺንም ድምፅ ሰማሁ፤ «ጎበዝ ሰልማ! አየሽ፣ ትንፋሽሽ ተመለሰ!» ስትዪ እንባዬ መጣ። ወጌሻ ያልሁሽን አውፍ በይኝ።

ለእመቤቲቱ አሳየኋት። «ማናት የምትናገረው?» አለችኝ። «የኛ ሐኪም ናት፣ የትልቅ ሆስፒታል» አልኋት። «ምን እያለች ነው?» «ድናለች፣ ለሥራ ደርሳለች እያለች ነው» አልኋት። ማሻአላህ አለች። ደግማ ደጋግማ አየችው።

እንግዲህ ወረቀቱ ተጀምሯል። የካቲት 5 አዲስ አበባ ሄዳ አሻራ ትሰጣለች። ረመዳን ሳይገባ እንድትደርስላቸው ይፈልጋሉ፤ በረመዳን እንግዳው ብዙ ነው። ቤቱ ደህና ቤት ነው፣ ስሙ ምን ያደርግልሻል። ፎቅ ለምን ጠየቅሽ ትይኛለሽ። እብናት ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ምን ያደርጋል? ዳገት ያስሮጣታል፣ ጎኗን ያያል፣ ከዚያ ይገዛል። እዚህም ያው ነው፤ ማን ማንን ያምናል? ያንቺ ቪዲዮ ዳገቱን አስቀረላት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። እመቤቲቱ በስልክ ፊት ለፊት ልታናግራት ትፈልጋለች። ያን ጊዜ እንዳታስል የምታደርጊበት ዘዴ አይጠፋሽም፤ ተምረሽ የለ። አስተምሪያት።

ማሩ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። አዝሙዱ አልቋል። ያቺ በአፍ የምትያዝ መሣሪያ ትርፍ ካለሽ ላኪልኝ፤ ለአንዲት ወዳጄ ነው።

አክስትሽ ሀዋ


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሀዋ

ሰላም ለአንቱ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ሰላምታ ዛሬ ከብዕሬ አይወጣልኝም፤ ይህም ማስመሰል ስላልወደድሁ ነው እንጂ ስለ ናቅሁዎ አይደለም።

ደብዳቤዎን ይዤ በቀጥታ ወደ አጎቴ ቢላል ሱቅ ሄድሁ። ጃኬት እየሰፋ ነበር፤ የስፌት መኪናውን አላቆመም።

«ቪዲዮውን ልከኸዋል?» አልሁት።

«ልኬዋለሁ። ምን ነውር አለው? ልጄ ደረጃ ወጣች፤ ደስ አለኝ፤ ላክሁ።»

«ሙሉውን?»

መኪናው ቆመ። «መጨረሻውን ቆረጥሁት።»

«ለምን?»

«እንዴ! ጨርቅ ስሸጥ ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርጌ ልጠፍ?»

ከጎኑ ያሉት ባለ ሱቆች ሳቁ። እርሱም አብሮ ሳቀ፤ ቀጥሎ የሳቀበትን ሲሰማው ወደ ስፌቱ አጎነበሰ።

አክስቴ፣ እኔ «ትንፋሽሽ ተመለሰ» ካልሁ በኋላ የተናገርሁት ነበረ። «ቀስ በይ። ተቀመጪ። ውኃ ስጧት» ነው ያልሁት። እርሱ ተቆርጦ ቀረ፤ የቀረው ድምፄ ጅዳ ላይ አሻሻጭ ሆኖ ይውላል። ታማሚዬን ያበረታሁበትን ቃል እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ተረጎሙልኝ። የራሴን ድምፅ እንድጸየፈው አደረጉኝ። የበቅሎዋንም ምሳሌ አንቱ ያለ ኀፍረት ጻፉት፤ እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን በጣቴ ጫፍ ነበር የያዝሁት።

ማሠልጠኑን ላቁም ብዬ አሰብሁ። ብትደክም ማን ይወስዳታል ብዬ። ይህን ለራሷ ነገርኋት።

«አቁሚዋ!» አለችኝ ሰልማ። «እዚሁ እያቃሰትሁ እቀመጥልሻለሁ። ደስ ይበልሽ።»

«ልሂድ ነው የምትዪው?»

«ታዲያስ! አየር አይበላ። አባቴ ዓይኑ ደክሟል፤ መርፌው ውስጥ ክር የማስገባለት እኔ ነኝ። መታጠቢያ የማላጥብበት፣ አሮጊት የምጠብቅበት ቤት አክስቴ ካገኘችልኝ እሄዳለሁ። አንቺ ደመወዝ አለሽ፤ እኔ ምን አለኝ? ፉጨት?»

ልክ ናት። እንዳይወስዷት ብዬ ብተዋት፣ በሩን ከያዘችው ሴትዮ በምን እለያለሁ? ትንፋሹ የሰልማ ነው፤ ልሂድበትም ልቅርበትም የምትል እርሷ ናት። ስለዚህ እቀጥላለሁ። ሳል መደበቅን ግን አላስተምርም። ሳል የሳንባ አቤቱታ ነው፤ የኛ ሙያ አቤቱታውን ማቅለል እንጂ አፉን ማፈን አይደለም።

ነገር ግን የምትመርጥ ሰው ምን እንደምትመርጥ ማወቅ አለባት። የቤቱን ባለቤት ስም ይጻፉልን። ሥራው ምን እንደሆነም ይጻፉ። ጠርሙሶቹን ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅዎታለሁ። መሣሪያዋን የምትፈልገው ወዳጅዎም የሚሰማትን ራሷ ትጻፍልኝ፤ ሳላውቃት መሣሪያ አልሰጥም።

ፈሪዳ ሙሳ


ጅዳ፣ ጥር 6

ለፈሪዳ

ሰላም። አንቺም ሰላምታሽን እንዳሳጠርሽው እኔም አሳጥሬዋለሁ።

ጠርሙስ ጠርሙስ አልሽ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ከመደርደሪያው አወረድኋቸው። ነጩ በረኪና ነው። ሰማያዊው ላይ ጠብታ እጅ ሲበላ የሚያሳይ ሥዕል አለበት፤ ጽሑፉን እንዳየሁት አድርጌ ከታች ሥዬልሻለሁ፣ የሚያነብ ያንብብልሽ። መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝ ግዕዝና ካዕብ ነው፤ የዐረቡን ከዚህ በላይ አልችልም።

እንግዲህ ገብቶሻል። አዎ፣ ያው ቤት ነው። ያችው እመቤት ናት።

ሰልማን ሳስገባት «ዋሷ ማን ነው?» አሉኝ። «እኔ» አልሁ። የውሉን ሁለት ዓመት ሳትጨርስ ብትወጣ እኔ እተካለሁ ብዬ በቃሌ ገባሁ። ወጣች፤ ተካሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለሁት እዚሁ ነው። እመቤቲቱ የአሠሪዬ የሽማግሌው ልጅ ናት፤ የመኖሪያ ፈቃዴ በአባቷ እጅ ነው። እምቢ ብል በማግሥቱ አውሮፕላን ላይ ነኝ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ በአንድ ፌስታል።

አንቺ መጽሐፍሽን ታቅፈሽ «እጸየፋለሁ» ትያለሽ። አዎ፣ ያስጸይፋል! ማን አያስጸይፍም አለሽ? እኔም አስላለሁ። ተቀምጬ ነው የማድረው። ታዲያ ሞትሁ? በዚህ ሳንባ ነው ቢላል የስፌት መኪና የገዛው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሻንጣ የላከልሽ ማን ነው? ያን ጊዜ አልሸተተሽም።

እኔ አርጅቻለሁ። ደረጃው አድክሞኛል። ሰልማ ወጣት ናት፤ ወጣት ሳንባ ይችላል፤ ደግሞ አንቺ አጠንክረሻታል። የቀረውን ትጨርስና ሁላችንም ነፃ እንውጣ።

ይህን ለሰልማ አታንብቢላት። የቤቱን ነገር ስትደርስ ታውቀዋለች። ከደጅ ደርሳ ወዴት ትመለሳለች?

መሣሪያዋ ለኔው ነበረች። ከፈለግሽ ላኪ፤ ካልፈለግሽ ተዪው።

ሀዋ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለሀዋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ያጠረችውን ሰላምታ እኔ ጀምሬያታለሁና እኔው ልመልሳት።

ይህን የምጽፍልዎ ልወቅስዎ አይደለም፤ አንቱ ብቻ የሚፈቱት ቋጠሮ ስላለ ነው።

አስቀድሜ አመሰግንዎታለሁ። የሣሉትን ጽሑፍ የመድረሳችን ኡስታዝ አነበበልን፤ ሰማያዊው አሲድ ነው። ሐኪሙ በዚሁ መሠረት የሰልማን መድኃኒት ለውጦላታል።

«አታንብቢላት» ያሉኝን አነበብሁላት። ስለ ገዛ ሳንባዋ ከታማሚዬ የምደብቀው ነገር የለም። ቢላል ሱቅ ውስጥ፣ ሦስታችን ብቻ ሆነን፣ ከሰላምታው እስከ ፊርማው አነበብሁት። አታለቅስ ይሆናል እንጂ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ያለችው ግን ይህ ነው።

«አክስቴ የትኛውን መታጠቢያ ነው የምታጥበው? የላይኛውን?»

«አልጻፉም» አልኋት።

«የላይኛው በር እጀታው ልል ነው፤ ከውስጥ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ጨርቅ በበሩ መሐል ታድርግ በዪያት።» ቀጥላም «እሄዳለሁ» አለች።

«ሰልማ!»

«ምን ሰልማ ትዪኛለሽ? አክስቴ በኔ ፈንታ እየታፈነች እኔ አሸዋ ሆዴ ላይ ጭኜ ልተኛ? ዋሴ ናት። ዋስን አስይዞ መቅረት ከየት የመጣ ነው?»

አጎቴ ቢላል የመኪናውን ክዳን ዘጋ። በጠራራ ፀሐይ ሲዘጋው አይቼ አላውቅም። «እኅቴ እየታፈነች በሰደደችልኝ መኪና ስሰፋ ኖሬያለሁ» አለ። «አሁን ደግሞ ልጄን ልጨምር?» ሰልማ ግን ልቧን አልመለሰችም። አባቷ ቢከለክላት እሺ አትልም። እኔ ብከለክላት አትሰማኝም፤ የመከልከል መብትም የለኝም። የያዛት ምኞት ቢሆን ኖሮ እንመክራት ነበር። የያዛት የአንቱ ቃል ነው።

አክስቴ፣ ስለ ሻንጣው ያስታወሱኝ እውነት ነው። ውለታ ነው፤ አልክደውም። ውለታን ግን በሰልማ ሳንባ ልከፍል አልችልም። «ወጣት ሳንባ ይችላል» ብለዋል። ወጣት ሳንባዋ አንድ ጊዜ ችሏል፤ የቻለውም እኔ በየቀኑ ከደረቷ ውስጥ የምሰማውን ፉጨት ይዞ ነው። ሁለተኛ ጊዜ እዚያ ክፍል ብትገባ ምን ያህል እንደምትቆይ ልነግርዎ አልደፍርም፤ አላውቅምና። ሐኪሙን ስጠይቀው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

እጅግ የሚያስጸይፈኝን በግልጽ ልንገርዎ። እመቤቲቱ መጥፎ ሴት ናት፤ እርሷን እዚያው ልተዋት። እኛ ግን ቤተሰብ ነን። አንዷ ስትታፈን ሌላይቱን በዚያው በር እናስገባለን፤ የወጣችውን ፊቷን አጥበን፣ ሳሏን ቆርጠን፣ መልሰን እንልካለን፤ ይህንንም ዋስትና፣ ይሉኝታ፣ ዝምድና እያልን እንጠራዋለን። እኔም ደረጃ ላይ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ይህ ነገር እንዳለ ማወቄ ምግብ ከለከለኝ።

መሣሪያዋን ልኬልዎታለሁ። በአፍዎ ይዘው ወደ ውስጥ ይሳቡ እንጂ አይንፉባት። ትንፋሽ ሲያጥርዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ክርንዎን በጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ፤ ከንፈርዎን አሹለው ቀስ ብለው ያስወጡ። ሁለቱን ፈሳሾች ፈጽሞ አያገናኟቸው፤ ቢያዝዙዎ አንዱን አፍስሰው ውኃ ይሙሉበት፤ እመቤቲቱ የምታየው የጠርሙሱን ቀለም ነው። ሰልማ ስለ እጀታው ያለችውንም አይርሱ። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ እዚያ ይሰንብቱ ብዬ አይደለም። እስኪወጡ ድረስ እንዲተነፍሱ ብዬ ነው።

የምጠይቅዎ ነገር ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ። ፈቃድዎን ሊወስዱብዎ፣ በፌስታል ሊመልሱዎ ይችላሉ። ቢመልሱዎ አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ እቀበልዎታለሁ፤ እኔ ዘንድ አልጋ አለ፤ ሐኪሙም ያይዎታል። ጠላት አልሆንዎትም። እምቢ ቢሉም የሚሆነውን ከአሁኑ ልንገርዎ፤ ሰልማ የካቲት 5 አሻራዋን ትሰጣለች፤ ስለ ጤናዋ የሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ከእኔ የሚያገኘው ያልተቆረጠውን ነው።

ዋስትና በቃል ይገባል፤ በሽማግሌ ፊትም በቃል ይወርዳል፤ ይህን ሥርዓት ከእኔ ይልቅ አንቱ ያውቁታል። ስለዚህ ዋስትናውን ማውረድዎን አስቀድመው ለእመቤቲቱ ይንገሯት። ከዚያም ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ሱልጣንና ጎረቤታችን አቶ ዋልልኝ ለሽማግሌነት ቢላል ሱቅ ይቀመጣሉ፤ ሰልማም ከመካከላቸው ትኖራለች። ይደውሉና እርሷ እየሰማችዎ «በሰልማ ላይ የገባሁትን ዋስትና አውርጃለሁ፤ በእኔ ምክንያት የምትሄጅበት ቤት የለም» ብለው በራስዎ አንደበት ይንገሯት። ቀኑ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

አክባሪዎ፣
ፈሪዳ ሙሳ